ያልተለካው ሦስተኛ ፎቅ

በመሥሪያ ቤቱ «ባለሜትሩ» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት የመኖሪያ ሕንፃዎችን ሲፈትሽ የኖረ ሰው ነው፤ እንግድነት ሄዶ እንኳ የበሩን ስፋት በዓይኑ ሳይለካ አይቀመጥም ተብሎ ይቀለድበታል።

መሥሪያ ቤቱ ግን የቆየ ልማድ ነበረው። ፎቆቹ በፕላን ላይ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ከታች ያለውን ለክተው ቁጥሩን ለላይኞቹ ይገለብጣሉ። «ከመንትያ አንዱን ካየህ ሁለቱንም አየህ» ይባባሉ ነበር።

አዲሱ የሕንፃ ደንብ ሲወጣ ነባር ሕንፃዎችም እንደገና ይፈተሹ ተባለ፤ የደረጃ ስፋት፣ የመውጫ በሮች፣ የጣሪያ ሙቀት መከላከያ። ሥራው ሲደለደል፣ ከአሥር ዓመት በፊት ራሱ የፈረመበት ሕንፃ ደረሰው። አማቱ የሚኖሩት እዚያው አራተኛውና የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። «እኔ ያየሁት ነው፤ ሳያመነቱ ይግዙት» ብሎ ቤቱን ያስገዛቸውም እሱ ነበር።

አምና አማቱ ታመው አምቡላንስ ሲመጣ፣ ቃሬዛው ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አልዞር አለ። የሕንፃው ዘበኛ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቅፏቸው ሲወርድ ትከሻው ከግድግዳው ተጋጨና አብረው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ደጅ አልወጡም። ቤተሰቡም ዘበኛውን «እጀ ሰባራው» አለው። ባለሜትሩ ይህ ስም በተጠራ ቁጥር አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። ጠርጥሯል፤ መታጠፊያውን ለመለካት ግን አንድም ቀን አልደፈረም።

በፍተሻው ጠዋት ዘበኛው በር ላይ ኮፍያውን አውልቆ ተቀበለው።

«ጋሼ፣ እማማን ሰላም ይበሉልኝ። እኔ ከታየኋቸው ይብስባቸዋል ብዬ አልወጣም።»

«ዛሬ ትወጣለህ። የሜትሩን ጫፍ ያዝልኝ።»

አንደኛው ፎቅ ላይ ደረጃው አንድ ሜትር ከሃያ ሆነ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሰማንያ ስድስት ሴንቲ ሜትር። ሕንፃው ሲሠራ ተቋራጩ የአንዱን ቤት ወጥ ቤት ለማስፋት ከደረጃው ቆርሶ ወስዷል።

«ሰማንያ ስድስት?» አለ ዘበኛው። «አያያዜ ተሳስቶ ይሆን?»

«አንተ አልተሳሳትክም።»

አማቱ ሁለት ሹራብ ደርበው ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። መከላከያ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ያለው ቤታቸው ቀን ምድጃ ነው፤ ጠዋትና ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

«ምነው፣ እጀ ሰባራውን ይዘህብኝ መጣህ? የቀረችኝን ዳሌ ሊጨርሳት ነው?»

«እማማ፣ የጣልኩዎት እኔ ነኝ።»

«አንተማ ያን ቀን በአጠገቤም አልነበርክ!»

«ይህን ሕንፃ የታችኛውን ፎቅ ብቻ ለክቼ ነው የፈረምኩት። ሦስተኛውን ባየው ኖሮ አፍርሰው አስፍተው ይሠሩት ነበር።»

አማቱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያልወጣኸው ጉልበትህን አሞህ ነበር?»

«የለም። ሰንፌ ነው።»

«ዓመት ሙሉ ይህን ሰውዬ ስዘልፈው እየሰማህ?»

«እየሰማሁ።»

ዘበኛው ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። አማቱ ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ፣ ምን ይገትርሃል? ና ከጎኔ ተቀመጥ» አሉት። ባለሜትሩም ወንበር ሲስብ አዩት። «አንተ ግን ቁም። እዚሁ ፊቴ ጻፍ።»

ቆሞ ቅጹን ሞላ። «የደረጃ ስፋት» ከሚለው ፊት ሰማንያ ስድስት፣ «ቀድሞ የፈተሸው» ከሚለው ፊት የራሱን ስም ጻፈ። «አስተያየት» የሚለው ላይ ጥቂት አመነታና «ሳልወጣ ፈረምኩ» ብሎ ጻፈ።

አማቱ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ቅጹን ተቀበሉና ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት፤ መልሰውም ዘረጉለት።

«ስምህን አጉልተህ ጻፈው» አሉ። «ከሁሉ እሱ አንሷል።»