እትዬ ጥርጥርና የማይሳሳተው መሣሪያ

የኤሌክትሪክ ልኬት ክፍላችንን ባለሙያ ሁላችንም «እትዬ ጥርጥር» እንላታለን። ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሳትለካ አምና አታውቅም። እናቷ ግን እስከ ዛሬ ቆጣሪ ጠጋኝ ትመስላቸዋለች፤ «የሰው ቮልት ስታቃኚ የእናትሽ አምፖል ይርገበገባል» እያሉ ያማርራሉ።

አምና መሥሪያ ቤታችን የኳንተም ቮልት መለኪያ አስመጣ። ጥፍር የምታክል ቺፕ በፈሳሽ ሂሊየም ስትቀዘቅዝ፣ የተፈጥሮን ሕግ ተከትላ ልክ የሆነ ቮልት ታወጣለች፤ የሌሎች መለኪያዎች ልክነት የሚፈተሸው በእሷ ነው። ኃላፊው በደስታ ሰክረው «ኳንተም አይሳሳትም» የሚል የነሐስ ሰሌዳ አስቀረጹና ለምረቃው መሣሪያው በተሰካበት የብረት መደርደሪያ ላይ በብሎን አስመቱት።

እትዬ ጥርጥር ግን «ከሌላ መሣሪያ ጋር ይነጻጸር» አለች።

«ተፈጥሮን ልትፈትኚ ነው?» አሏት ኃላፊው።

«ተፈጥሮስ አትሳሳትም፣ አለቃ። ገመዱን የዘረጋነው ግን እኛ ነን።»

ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ አንድ እንግዳ ባለሙያ ከሌላ ተቋም ተመሳሳይ መሣሪያ ይዞ መጣ። ሁለቱን አገናኝተው ለኩ። ልዩነት ተገኘ፦ አንድ ቮልት ሚሊዮን ቦታ ቢቆረስ ሁለት ቁራሽ ያህል። ለእኔ ቢጤው ኢምንት ነው፤ ለእሷ ዓይን ያወጣ ውሸት።

ኃላፊው ኮሚቴ ሰበሰቡ። ኮሚቴውም «የእንግዳው መሣሪያ የመንገድ ድካም ይዞት ሊሆን ይችላል» ሲል በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ወሰነ። ተቃዋሚዋ ማን እንደሆነች መቼም አይጠፋችሁም። ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፤ ልዩነቱ ግን ከሰዓት በኋላም ንቅንቅ አላለም።

እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ገመድ በገመድ መፈተሽ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ከመደርደሪያው ጀርባ ተንበርክካ ሳለ «ኧረ ጉድ!» ስትል ሰማናት። ከሰሌዳው ብሎኖች አንዱ ረዝሞ ብረቱን በስቶ ገብቷል፤ የገመዱንም ሽፋን ነክሶታል። ኤሌክትሪኩ በዚያ በኩል ያፈተልክ ነበር። ሰሌዳውን ነቅላ ገመዱን ቀየረች፤ ሁለቱ መሣሪያዎች እንደ መንትያ ተስማሙ። እንግዳው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ኮሪደር ወጣ።

ሪፖርቱን ስትጽፍ ኃላፊው በሩ ላይ ቆሙ። «እባክሽ፣ ሰሌዳ የሚለውን ቃል አውጪው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ባዕድ ነገር በይ።»

ትንሽ አሰበችና «በኃላፊው ትእዛዝ የተገጠመ ባዕድ ነገር» ብላ ጻፈች።

በሳምንቱ ሁለት ደብዳቤ ደረሳት፦ አንዱ የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ያለ ፈቃድ በመንቀሏ ማስጠንቀቂያ፣ ሌላው ስህተቱን በማግኘቷ ምስጋና። የሁለቱም ፈራሚ ኃላፊው ናቸው። ማስጠንቀቂያውን ከሥራ ጠረጴዛዋ በላይ ለጠፈችው። ምስጋናውን የት እንዳደረገችው ስንጠይቃት «የፊደል ግድፈት ስላለበት መለስኩት» አለችን።