የመሪጌታ የጭቃ ጫማ

ሰልባጅ ጫማ መሸጥ የጀመርኩት በይጁቤ የገበያ ቀን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። ሱቅ አልነበረኝም፤ ጫማውን በየክሩ እያሰርኩ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። እስከ ቀትር የገዛኝ ሰው የለም። ከቀትር በኋላ ርእሰ መምህሩ መጡና አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ይኼ ሁሉ ሰው የት ገብቶ ነው ጫማው ብቻ የቀረው?» አሉኝ።

«ገና ይመጣል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

አጎንብሰው አንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ ለኩ፣ ልክ ሆነላቸው። የመጀመሪያ ደንበኛዬ እሳቸው ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ስለ አጥሩ አንሥተውብኝ አያውቁም።

የኛ ሥራ ከቦንዳው ይጀምራል። ቦንዳ ሳይፈታ ነው የሚገዛው፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚታወቀው ከተከፈተ በኋላ ነው። ከዚያ ቆዳውን ለብቻ፣ ሸራውን ለብቻ እለያለሁ። ሶሉ የተከፈተውን በማስቲሽ አጣብቄ ድንጋይ እጭንበታለሁ። ቁጥሩ ለገዢው ከሰፋ ጫፉንና ተረከዙን በጨርቅ እሞላለሁ። ጨርቅ አሞላል ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ከበዛ ጣት ይቆለምማል፣ ካነሰ ጫማው መንገድ ላይ ይቀራል።

ትምህርት ቤቱን የሠራው የአገሩ ገበሬ ነው። የየደብሩ ሰው ባሕር ዛፍ አዋጥቶ፣ ጭቃ አቡክቶ አቆመው። የስፖርት ሜዳው ቀድሞ የከብት ግጦሽ ነበር፤ ከብቶቹ እስከ ዛሬ አልረሱትም። ሩጫ ሲኖር አንዱ በአመድ መስመር ያሰምራል፣ ሌላው ላም ያባርራል። ከዚያ ሜዳ ጎበዝ ሯጮች ወጥተዋል። ደብረ ማርቆስ በሚደረገው የዞኑ ውድድር ግን በሩጫ አንደኛ የወጣ አልነበረም። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ያለው ዋንጫ አንድ ነው፤ እሱም በችግኝ ተከላ የተገኘ።

ጥሩወርቅ ይህን ልትለውጥ ተቃርባ ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለች አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር እየመራች መጥታ፣ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ጭቃው አዳልጧት በግንባሯ ተደፋች። ከአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል የመጡት መራጮች አንደኛ የወጣችውን ወስደው ሄዱ። ጥሩወርቅ ሩጫውን ጨርሳ ተመለሰች። ገበያ ላይ ያገኛት ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ይላታል። እሷም «ጭቃ» ብላ ታልፋለች።

በዚያው ክረምት ከቦንዳዬ ሶሉ ላይ ሚስማር ያለው ጫማ ወጣ። እጄን ስሰድ ወጋኝ። ሲያነሡት እንደ ወረቀት ይቀላል፤ ሚስማሩ ከፊት ብቻ ነው፣ ተረከዙ ላይ ምንም የለም። አገላብጬ አየሁት። የኛ ጥቁር አፈር በክረምት በሬ ይጥላል፤ ስለዚህ ለጭቃ የተሠራ ነው ብዬ ሰቀልኩት።

የገዙኝ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ስለሆነ በየቀኑ ዳገት ይወጣሉ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«የጭቃ ጫማ ነው፣ የኔታ።»

«ቦቲ አይሻለኝም?»

«ቦቲ ዳገት ላይ ያንሸራትታል።»

ተጫምተውት ወጡ። በሌላው ገበያ መጡና «ዝናብ በጣለ ቁጥር ተማሪዎቼ ስወድቅ ለማየት ደጅ ላይ ይቆሙ ነበር። አሁን ተስፋ ቆርጠው ትምህርታቸውን ይዘዋል» አሉኝ።

ዓመቱ ዞረ። ውድድሩ ቅዳሜ ሊሆን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ደጃፍ ላይ ጫማውን ሲፈልግ፣ የስፖርት መምህሩ ደሳለኝ ከላስቲክ ጫማዎቹ መሀል ባለ ሚስማሩን አየው። የተማሪ መስሎት ቆሞ ባለቤቱን ጠበቀ። ሕዝቡ ወጥቶ አለቀ። በመጨረሻ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው መጡና እግራቸውን ከተቱበት።

ደሳለኝ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጣ።

«ስማ አየነው፣ ለመሪጌታ የሩጫ ጫማ የሸጥህላቸው አንተ ነህ?»

«የሸጥኩላቸው የጭቃ ጫማ ነው።»

«እስፓይክ ነው። አትሌቶች የሚሮጡበት።»

«እሳቸውም እኮ ዳገቱ ላይ ፈጥነዋል።»

አልሳቀም። «ጥሩወርቅ አምና ያን ጫማ አድርጋ ቢሆን ትወድቅ ነበር?» አለኝ። ያን ጊዜ እኔም ሳቄን ተውኩ።

ጥሩወርቅን ይዘን መሪጌታ ቤት ሄድን። ደሳለኝ አወዳደቋን ሳይቀር ተነሥቶ እያሳየ አስረዳቸው።

«እኔስ በምን ልወጣ ነው? ዝናቡን እናንተ ትይዙልኛላችሁ?» አሉ።

«ቦቲ አመጣልዎታለሁ፣ የኔታ» አልኩ።

«ቦቲ ዳገት ላይ ያንሸራትታል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

በር ላይ ቆማ የነበረችው ጥሩወርቅ «የኔታ፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ነኝ። ከዚህ ወዲያ ትምህርት ቤቱ አይወስደኝም» አለች። «አንድ ጊዜ ሳልወድቅ ልጨርስ።»

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አወለቁት። «ቅዳሜ ዝናብ ከጣለ ከቤት ልውል ነው። ለተማሪዎቼ ምን ልበላቸው?»

«ጫማዬ ሊሮጥ ሄዷል ይበሏቸው» አለች ጥሩወርቅ።

መሪጌታ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጫማውን ሰጧት።

የቀረው የኔ ሥራ ነበር። የሳቸው እግር አርባ አንድ፣ የሷ ሠላሳ ስምንት ነው። ሚስማሩም በድንጋይ ደንዟል፤ በጉጠት ስይዘው ተሽከርክሮ ወጣልኝ፣ በሞረድ ሳልኩት። ሁለቱ ወልቀው ስለነበር ከብስክሌት ጠጋኙ ብሎን ለምኜ ተካሁ። ጫፉንና ተረከዙን በአሮጌ ጋቢ ሞላሁ። ሜዳው ላይ ሮጣ አየችው።

«ተረከዙ ይንሸራተታል፣ ጋሼ።»

ፈትቼ እንደገና ሞላሁት።

«አሁን ጣቴን ያዘኝ።»

እንደገና ፈታሁት። ላሞቹ እስኪሰለቹን ድረስ እንዲሁ ስንል አመሸን።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ሜዳው ላይ ተኝቷል። እኔ ደሳለኝን አየሁ፣ ደሳለኝ ሰማዩን አየ። ሩጫው ተጀመረ። ጥሩወርቅ ከመሪዎቹ ኋላ ተጠግታ ሄደች። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ሁሉም እርምጃቸውን አሳጠሩ፤ እሷ አላሳጠረችም። በውጭ በኩል ዞራ አለፈቻቸው፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልደረሰባትም። የማላውቀውን ሰውዬ ክንድ ጨብጬ ይዤ ኖሯል፤ እሱም እኔን ይዞኛል።

መስመሩን አልፋ ጭቃው ላይ ቁጭ አለችና እግሯን አየች። «ጋሼ፣ ጨርቁ ወጥቷል» አለችኝ።

«ከመስመሩ ወዲህ የወጣ አይቆጠርም» አልኳት።

ከማሠልጠኛ ማዕከሉ የመጣው ሰው ስሟን ጠየቃት፣ ቀጥሎ የጫማ ቁጥሯን። ስሟን እሷ ተናገረች፤ ሠላሳ ስምንት ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እዚያው ማዕከል ናት፤ በልኳ ጫማ ትሮጣለች። የመሪጌታው ጫማ ጨርቁ ወጥቶለት ወደ ዳገቱ ተመልሷል።

ደሳለኝ እስፓይክ ነው ይበል እንጂ እኔ ለጭቃ ነው ብዬ ነበር፣ ለጭቃም ሆነ። አሁን ሱቅ አለኝ። ደንበኛ ሲገባ አስቀድሜ ቁጥሩን አልጠይቅም፤ ቁጥር በጨርቅ ይስተካከላል። የምጠይቀው የሚሄድበትን መንገድ ነው።