የሰው ወረቀት

በልብስ ስፌት ፋብሪካው የካውያ ክፍል እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ለሌላው ሰው ሁሉ «ቴፕ» ናት። ስሙ ያለ ነገር አልወጣላትም። የፈረቃ ኃላፊው ጠዋት የተናገረውን አርፍደው ለሚመጡት ስትደግምላቸው ሳሉንና «እንግዲህ» ማብዛቱን እንኳ አታስቀርም።

ማንበብ ሳይችል ለኖረ ሰው ማስታወስ ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል፤ ነገሩ በእውነት ይደንቃል። ማንበብ የሚችል ሰው የረሳውን ወረቀት ገልጦ ያየዋል። የማይችለው ግን የሚገልጠው ስለሌለው መርሳት አያምርበትም። ቴፕ የልጆቿን የክትባት ቀጠሮ፣ የባሏን የመድኃኒት አወሳሰድ፣ ለየጨርቁ የሚስማማውን የካውያ ሙቀት ይዛ የኖረችው በጭንቅላቷ ነው። ታዲያ ከሥራ በኋላ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ስትመዘገብ፣ ዕድሜ ልኳን ያገለገላት ይኸው ጭንቅላት ዞሮ ጠላት ሆነባት። መምህርቷ አንድ ገጽ አንዴ ካነበበች፣ ቴፕ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ ገጹን ታንበለብለዋለች። መምህርቷ ሲቸግራት ከመጨረሻው መስመር ወደ ላይ ታስነብባት ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ አንድ ቀን እያለቀሰች አንድ ቀን እየሳቀች፣ ፊደሉ ገባት።

ጣጣው የመጣው ሥራ አስኪያጁ መማሪያ ክፍሉን ለክር ማስቀመጫ ሲፈልገው ነው።

«ለመሆኑ ከነሱ ውስጥ ማንበብ የቻለ አለ?» አላት መምህርቷን።

«አሉ እንጂ።»

«ሽምደዳ እንዳይሆን። እሱንማ ሬዲዮም ይችላል።»

በዚያው ሰሞን የጎልማሶች ትምህርት ጉባኤ ሊካሄድ ነበርና አዘጋጆቹ ሁለት ዋና ተናጋሪዎች ይፈልጉ ነበር። ዋና ተናጋሪ ማለት ጉባኤውን በንግግሩ የሚከፍት፣ ሌላው ተሰብሳቢ ከእሱ ሐሳብ ተነስቶ የሚወያይበት ሰው ነው። አንደኛው አንድ ፕሮፌሰር ሆኑ። ሁለተኛው ከተማሪዎች መካከል ይሁን ተባለና መምህርቷ ቴፕን አቀረበች። ሥራ አስኪያጁም በእንግድነት ተጠራ።

«እንግዲያው እዚያው እሰማታለሁ» አለ። «ካነበበች ክፍሉ የናንተ ነው። ካላነበበች ሰኞ ክሩ ይገባል።»

ቴፕ ንግግሯን ራሷ ጻፈች፤ መምህርቷ ያረመችላት ፊደሉን ብቻ ነው። ከዚያ ቤቷ ገብታ ማንበብ ያዘች። እራት ሲቀርብ ታነባለች፤ ልብስ ስታጥፍ ታነባለች። በመጨረሻ አናጢው ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ስሚ እስቲ፣ ድንገት ብታመሚ እኔ ልተካሽ እችላለሁ። በቃሌ ይዤዋለሁ።»

«አንተ ከያዝከው እኔማ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ የገባ ገብቷል። በጉባኤው ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ለመምህርቷ ነገረቻት።

«ይዤዋለሁ። ሳልፈልግ ገባብኝ።»

«ግድ የለም እትዬ። ብቻ ጣትሽን ከመስመሩ ላይ አታንሺ። ዓይንሽ ጣትሽን ይከተል።»

ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ተናገሩ። ቴፕ ከመድረኩ ጎን ተቀምጣ እያንዳንዷን ቃል ሰማች። መድረክ መሪው ደጋግሞ ሰዓቱን ሲያሳያቸው ፕሮፌሰሩ አንዳንድ ገጽ ዘለሉና ጨረሱ። ተጨበጨበ። እሳቸውም ከዚህም ከዚያም እጅ እየጨበጡ፣ ወረቀታቸውን አትሮኖሱ ላይ እንደተዘረጋ ረስተውት ወረዱ።

ቴፕ መድረኩ ላይ ወጣች። ማይክሮፎኑ ከግንባሯ በላይ ቆሟል። ዝቅ ለማድረግ ሁለት እጅ ስለሚፈልግ የራሷን ወረቀት ከአትሮኖሱ ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ማይክሮፎኑ ጮኸ፤ ሰው ጆሮውን ያዘ፤ እሷን ላብ አጠመቃት። ቀና ስትል በአትሮኖሱ ትንሽ መብራት ሥር ወረቀት ተዘርግቷል። የማን እንደሆነ ለማየት ፋታ አልነበራትም። ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፋ ጀመረች።

ቃሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ጣቷ በሰው ወረቀት ላይ መስመር በመስመር ወረደ፤ አፏ የራሷን ንግግር ተናገረ። ገጽ ሲገለጥ እንኳ አልተደናቀፈችም። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ያዳምጣታል፤ ሥራ አስኪያጁም ወደ መምህርቷ ዘንበል ብሎ ጭንቅላቱን በአድናቆት ነቀነቀ። ጭንቀቱ ገና ለቀቅ ሲያደርጋት ፕሮፌሰሩ በጎን በኩል ኮቴያቸውን አጥፍተው ወደ መድረኩ ወጡ። የፈለጉት ሊያንሾካሹኩ ነበር፤ ማይክሮፎን ግን ምስጢር አያውቅም።

«ይቅርታ እህቴ፣ ወረቀቴን ረስቼ ነው። ይሄ የሚያነቡት እኮ የኔ ነው።»

ነገሩ ለአዳራሹ እስኪገባው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁም ረድፍ በረድፍ ወደ ፊት መጣ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። ማስታወሻ ሲይዝበት የነበረውን እስክሪብቶ ከድኖ ኪሱ ከተተው።

ቴፕ ያቺን እስክሪብቶ አየቻት። የራሷን ወረቀት ከሥር አውጥታ ልትቀጥል ትችል ነበር፤ ግን ከእንግዲህ ማን ያምናታል? እሷ ራሷስ እያነበበች ይሁን እያስታወሰች በምን ትለየዋለች? መዳፏን የፕሮፌሰሩ ወረቀት ላይ ጫነች።

«ቆይ ጋሼ፣ ትንሽ ያውሱኝ።»

«ይሄን? ይሄ እኮ ደረቅ ነው፤ ስጽፈው እኔንም አሰልችቶኛል።»

«ሲናገሩ ሰምቼዎታለሁ። የሰማሁትን ደግሞ አልረሳም፤ ጣጣዬ እሱ ነው። ያላነበቡት ገጽ አለ?»

ፕሮፌሰሩ ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ የዘለሉትን አንድ ገጽ መዘው መብራቱ ሥር አደረጉላት።

«የተ… ሳ… ታፊ… ዎች» አለች። «የተሳታፊዎች የማ… ቋ… የማቋረጥ ም… ጣ… ኔ…»

ድምጿ የሌላ ሰው ሆነ። ያ ሁሉ ፍሰት ደርቆ ቃሉ ከድንጋይ እንደሚፈለጥ እየተቆራረሰ ይወጣል። ወንበር ተንቋቋ፤ አንዱ ሳለ። «ከወቀ… ከወቅ… ከወቅታዊ የሥራ ጫና ጋር…» መድረክ መሪው ሰዓቱን አይቶ ተጠጋት።

«እናታችን፣ እጅግ እናመሰግናለን፣ ሰዓቱ…»

«አራት ነጥቡ ጋ አልደረስኩም» አለች ቀና ሳትል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሸመደደ ሰው ሲሰናከል ሁሉም ይጠፋበታል፤ ከመጀመሪያው ካልጀመረ አይሆንለትም። የሚያነብ ሰው ግን የሚሰናከለው አንዲት ፊደል ላይ ነው፤ እሷን አቃንቶ ያልፋል። ቴፕ «ዝምድና» የሚለውን «ዝምታ» ብላ ጥቂት ሄደችና፣ ትርጉም ሲያጣባት ጣቷን ወደ ኋላ መልሳ አቃናችው። መምህርቷ ያን ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። እንዲህ ያለውን ስህተት ከቴፕ አፍ ለመስማት ስንት ምሽት ለፍታለች።

አራት ነጥቡ ደረሰ።

«ትርጉሙን እሳቸው ይንገሯችሁ» አለች ላቧን እየጠረገች። «እኔ የተባልኩት አንብቢ ነው።»

በእረፍት ሰዓት ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩ ላይ አገኛቸው።

«የመጀመሪያው ያምር ነበር» አላት ቴፕን። «ሁለተኛው ጆሮ ያደክማል።»

መምህርቷ ልትናገር ስትል ቴፕ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ያደክማል» አለች። «እኔንም አድክሞኛል።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። «የጠየቅሁት ግን ሁለተኛውን ነው። ክሩን መተላለፊያው ላይ አስደረድረዋለሁ። ጠበበን ብሎ ቢሮዬ የሚመጣ ሰው እንዳላይ።»

ሰኞ ክሩ መጣ፤ እስከ ጣሪያው ድረስ ተቆለለ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ ክፍላቸው የሚገቡት በካርቶኖቹ መሃል ጎናቸውን አስቀድመው ነው፤ ከመሃላቸው አንዷ ወፍራም ቁልፍ ሰፊ ደግሞ ትንፋሿን ይዛ። ጠበበን ያለ ግን እስካሁን የለም።