ባለቤቴ የዘለላት ቀዳዳ

ባለቤቴ በልብስ መቀሱ ወረቀት እየቆረጠ ነበር። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ በጠመኔ ያሰመረውን መስመር ፀጉር ታህል ሳያልፍ ይከተላል። አርባ ዓመት ኮትና ሱሪ የሰፋ እጅ ነው። ችግሩ፣ የሚቆርጠው የሞተር ብስክሌት ጋስኬት መሆኑ ነው፤ በሁለት ብረት መሃል ገብቶ ዘይት እንዳይፈስ የሚያደርገው ወረቀት።

ከከተማ የራቀ ፋብሪካ የሠራተኛ ልብስ እንዲሰፋ ቀጥሮታል። ሰኞ ጠዋት ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ወደዚያ አውቶቡስ የለም፤ ያለን ይህ የሚያጨስ አሮጌ ሞተር ብቻ ነው።

"እኔው እፈታዋለሁ" አለ። በዕድሜው የፈታው ስፌት ብቻ ነው!

መካኒኳ የእህቴ ልጅ ሥራ ስለበዛባት በስልክ መከረችው። "መጀመሪያ ዘይቱን አውጣ። የፈታኸውን በተራ ደርድር። እምቢ ያለህን ቡሎን አትታገለው። ስትገጥም ሁሉንም በየተራ፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቅ። የሚያጨሰው የፒስተኑ ቀለበቶች አርጅተው ነው፤ እነሱንና ጋስኬቱን ደግሞ አዲስ ግዛ።"

ምክሯንስ ሰምቷል፣ አልዋሽም። ዘይቱን አወጣ፣ በልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ። ብረቱን በተራ ደረደረ፣ በነጩ አንሶላዬ ላይ፣ እያንዳንዱን በጠመኔ ከቦ። ሦስት ቀን በገዛ ቤቴ በእግሬ ጣት ጫፍ ሄድኩ። ቀለበቶቹንም ገዛ። ጋስኬቱን ግን፣ "ወረቀት ለመቁረጥ ሱቅ ልሂድ? ሰው ምን ይለኛል!" ብሎ ተወው።

ቅዳሜ ከሰዓት ገጥሞ ረገጠው። ተነሣ! ደረቱን ነፍቶ አየኝ። ላመሰግነው አፌን ስከፍት ሞተሩ ይንጫጫ ጀመር፤ የጋለ ብረት ሸተተን። ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት።

"አጥፉት! መጣሁ!"

መጥታ ሽፋኑን ከፈተች። አሮጌውንና አዲሱን ጋስኬት አነባብራ ወደ መስኮቱ አነሣቻቸው። አሮጌው ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ አለች፤ አዲሱ ላይ የለችም።

"አጎቴ፣ ይቺን የት አደረስካት?"

"ብል የበላው መስሎኝ።"

"ዘይቱ ወደ ላይ የሚያልፈው በእሷ ነው እኮ!"

"አርባ ዓመት ቀዳዳ ስደፍን ኖሬ፣ ዛሬ ልብሳ?"

እሷ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። "አንተ ሰውዬ፣ ግዛ ስትባል ብትገዛ ምን ነበረበት?"

ደግነቱ ቶሎ ስለጠፋ ብረቱ አልተጎዳም። ሱቁ ግን እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ስለዚህ እንደገና ቆረጠ፤ ቀዳዳዋንም በሳ።

"ዙሪያዋን ደግሞ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ እንዳትጠልፋት!" አለች። "ይሄ ለጊዜው ነው፤ ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ትክክለኛውን ትገዛለህ።" የጋስኬቱን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጻፈችለት፤ መርፌ መሰኪያው ላይ ሰካው።

ሰኞ ሞተሩ ሳያጨስ ወጣ፤ በሰዓቱም ደረሰ።

ይኸው ስድስተኛ ሳምንቱ፣ ብጣሿ ከተሰካችበት አልተነቃነቀችም። "ጋስኬቱስ?" ስለው፣ "ምን ሆነ? አላፈሰሰ!" ይለኛል። ሱቁ ደግሞ ፋብሪካው መንገድ ላይ ነው፤ በየቀኑ ሁለቴ ያልፈዋል።