በውሃው ላይ የቀረች ቁራጭ

የሥራ ባልደረቦቿ «ምላጬ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በሆስፒታሉ የፓቶሎጂ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሕሙማን የተወሰደ ሥጋ በስለት ስትቆርጥ ኖራለች፤ ሁለተኛ፣ አንደበቷ ከስለቱ አያንስም።

ክፍሏ ጠባብ ነው። በመስኮቱ ሥር የመቁረጫው ማሽን ተቀምጧል፤ በስተቀኙ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ጥቁር ሳሕን አለ። ናሙናው በሰም ተውጦ እንደ ሳሙና ቁራጭ ይጠነክራል። ምላጬ እርሱን ከፀጉር በብዙ እጥፍ አሳስታ ትልጠዋለች፤ ልጣጩ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ጭምድዱ ይፈታል፤ ያኔ በመስታወት ቀልባ ታነሣዋለች። መስታወቱ ቀለም ከተነከረ በኋላ በሽታውን ወደሚለየው የክፍሉ ሐኪም ማይክሮስኮፕ ይሄዳል። ሥራው የማይታለፍ አንድ ሕግ አለው፤ ከአንዱ ታማሚ ወደ ሌላው ሲኬድ የውሃው ፊት በወረቀት ይጠረጋል። ካልተጠረገ የአንዱ ፍርፋሪ የሌላው መስታወት ላይ ይለጠፋል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ባልደረባዋ ይህን ሕግ ዘንግታ ተገኘች። ምላጬ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አንቺ ልጅ፣ የምታንሳፍፊው የሰው ሥጋ ነው እንጂ የሾርባ ቅጠል አይደለም» አለቻት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷ ሳምንት ሙሉ ቀና ብላ አላየቻትም። ምላጬ ይህን ማስተማር ነው ብላ ቆጠረችው። እውነት በክፉ አንደበት ሲነገር ግማሽ ጥቅሙን እንደሚያጣ የነገራት አልነበረም፤ ቢነገራትም አትሰማም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሁለት የማኅፀን ናሙናዎች ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው ካረጡ ከብዙ ዓመት በኋላ ደም የታያቸው የስድሳ ስምንት ዓመት እናት ናሙና ነበር። ሁለተኛው ካገባች ሦስት ዓመት የሆናት፣ ልጅ እየተመኘች የወር አበባዋ ሥርዓት ያጣባት የሃያ ዘጠኝ ዓመት መምህርት ናሙና ነበር። ምላጬ የእናትየዋን ቆርጣ ስትጨርስ እህቷ ደወለች። በዚህ ወር እናታቸው ማን ዘንድ ይሰንብቱ የሚለው የቆየ ክርክር ተነሣ።

«ተራው ያንቺ ነው» አለች እህቷ።

«ባለፈው ወር አሥር ቀን የጨመርኩትስ አይቆጠርም?»

«እሱን ስጦታ አድርገሽ ቁጠሪው።»

ምላጬ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ሰክታ እየተከራከረች የመምህርቷን ናሙና ቆረጠች። ክርክሩን አሸነፈች። ውሃውን ግን አልጠረገችም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ምላጬ ተረኛ በሆነችበት የውጤት መስጫ መስኮት ላይ ወረቀቷን ይዛ ቆመች። የማኅፀን ሐኪሟ ካንሰር እንደሚል አንብቦላት፣ ማኅፀኗ ሰኞ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ቀጠሮ ይዞላታል።

«ይቅርታ፣ እትዬ፣ እዚህ ላይ ‹ደረጃ ሦስት› የሚለው ከስንት ነው?» ብላ ጠየቀች።

የፈተና ወረቀት የምታርም ሰው ጥያቄ ነበር። መልሱ «ከሦስት» ነው፤ ከዚያ የከፋ የለም። ምላጬ ያን ማለት አልሆነላትም። «ሐኪምሽ በደንብ ያስረዳሽ፣ የኔ እመቤት» አለችና መስኮቱን ዘጋች። ከዚያ በዚህ ዕድሜ ደረጃ ሦስት መሆኑ አልዋጥ ብሏት የመምህርቷን መስታወት ከመደርደሪያው አውጥታ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባችው።

ሐኪም አይደለችም፤ ግን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ዓይን ይማራል። የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን በጥቃቅን ቱቦዎች የተሞላ ነው። ቱቦዎቹ በዝተው ቢጨናነቁ፣ ሕዋሶቻቸው ግን ጠባያቸውን ካልለወጡ፣ ነገሩ ካንሰር አይደለም፤ በመድኃኒት ይመለሳል። ሕዋሶቹ መልካቸውን መለወጥ ከጀመሩ ወደ ካንሰር ደጃፍ ቀርበዋል። ካንሰር ከሆነ በኋላም ዕጢው የቱቦ ቅርጽ እንደያዘ ካለ ደረጃ አንድ ይባላል፤ ቅርጹ ጠፍቶ ከግማሽ በላይ ድፍን ክምር ከሆነ ደረጃ ሦስት። በመምህርቷ መስታወት ላይ የነበሩት ቁራጮች ሁሉ የተጨናነቁ ቱቦዎች ብቻ ነበሩ። አንዲት ቁራጭ ብቻ፣ ከሌሎቹ ተገልላ ዳር ላይ የተኛች፣ ድፍን ክምር ነበረች። ሌሎቹ ጥርት ብለው ሲታዩ እርሷ ትደበዝዛለች፤ እርሷ ስትጠራ ሌሎቹ ይደበዝዛሉ። ከእነርሱ ከፍ ብላ ነበር የተለጠፈችው፤ አብራ የተቆረጠች አይደለችም።

ምላጬ የእናትየዋን መስታወት አውጥታ ጎን ለጎን አየች። ያው ክምር ነው። ማክሰኞ ትዝ አላት።

በዚያች ሰዓት ተነሥታ መስታወቱን ያነበበው ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረባት። አልሄደችም። ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሄደች። የሾርባ ቅጠል ብላ ያዋረደቻት ልጅ ስትሰማ የሚሆነውን እያሰበች መሄዷን ማንም ሊያቃልልላት አይገባም፤ ለራሷ ክብር የወሰደችው ሌሊት ከመምህርቷ ላይ የተወሰደ ሌሊት ነው።

እራት ላይ፣ ገና ወደ እህቷ ቤት ያልሄዱት እናቷ ትክ ብለው አዩዋት። «ምን ነክቶሻል ዛሬ?»

«ሥራ ላይ ያጠፋሁት ነገር አለ፣ እማዬ።»

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? ላጠፋሽበት ሰው ንገሪ። እኔማ እናትሽ ነኝ፤ ሳትነግሪኝም ይቅር እልሻለሁ፤ የኔ ይቅርታ ርካሽ ነው።»

ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ ኮቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ደረሰችበት። ሁለቱንም መስታወት ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የሆነውን ነገረችው።

«ስለዚህ ተሳስተዋል እያልሽኝ ነው?» አለ።

«አልተሳሳቱም፣ ዶክተር። ያዩት ካንሰር ነው። የማን እንደሆነ ነው ጥያቄው።»

ተቀምጦ አየ። ደጋግሞ አየ። «ከላይ መሆኗን ማየት ነበረብኝ» አለ በመጨረሻ። «ያን ቀን ሰባ መስታወት ነበረብኝ።»

የሥራ ብዛት ስሕተትን ያስረዳል፣ አያነጻም፤ ሐኪሙም ያውቀዋል። «ሰሙ ውስጥ የቀረው የመምህርቷ ሥጋ እስኪያልቅ ወደ ውስጥ ቁረጡልኝ» አለ።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ ወጣቷ ባልደረባዋ ፊት ቆመች። «አንቺ ቁረጪው። ዛሬ የኔ እጅ አይታመንም። ማክሰኞ ውሃውን ሳልጠርግ ቀርቼ ነው።»

 ልጅቷ ሳሕኑን አንሥታ ውሃውን ደፋች፣ አጠበችው፣ አዲስ ውሃ ሞላች፣ ስለቱን ቀየረች። «እትዬ ምላጬ» አለች ዘወር ሳትል፣ «ሾርባው ለብ ብሏል፤ እንጀምር?»

ምላጬ ሳቀች። ይገባት ነበር።

ልጅቷ ሰሙ እስኪያልቅ ሃያ ሁለት መስታወት ቆረጠች፤ በየመሐሉ ውሃውን ጠረገች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐኪሙ ሁሉንም አይቶ ጨረሰ። በሃያ ሁለቱም ውስጥ የተጨናነቁ ቱቦዎች እንጂ ድፍን ክምር አልነበረም። የማኅፀን ሐኪሙን በስልክ አገኘው፤ የሰኞው ቀዶ ሕክምና ተሰረዘ። አልጋው ለሚቀጥለው ወር ተቀጥረው ለነበሩት እናት እንዲሰጥ ተስማሙ። እናትየዋ የተነሡት ምስል ዕጢው ገና ከማኅፀን አልፎ እንዳልሄደ ያሳያልና ሦስት ሳምንት መቅደሙ ለእርሳቸው ቀላል ነገር አይደለም።

መምህርቷ ተጠርታ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ፓቶሎጂ ክፍሉ መጣች። ሐኪሙ ወንበር ሰጣት። ካንሰር እንደሌለባት፣ የማኅፀኗ ሽፋን ከልክ በላይ እንዳደገ፣ ለስድስት ወር መድኃኒት ከወሰደች በኋላ እንደገና ናሙና እንደሚወሰድ፣ ልጅ የመውለድ ተስፋዋም እንዳለ ቀስ ብሎ ነገራት። የበፊቱ ውጤት ላይ ሲደርስ፣ «ላብራቶሪ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የሚያጋጥም...» ብሎ ጀመረ።

«እኔ ነኝ» አለች በሩ ላይ የቆመችው ምላጬ። «ከሌላ ሰው ናሙና የተረፈ ቁራጭ ሳልጠርግ ያንቺን ቆረጥኩ። ትናንት መስኮቱ ላይ ከጠየቅሽኝ በኋላ አውቄዋለሁ። የተናገርኩት ግን ዛሬ ጠዋት ነው።»

መምህርቷ የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ደጋግማ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። ምላጬ ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ይህችን ሴት ሌላ ሥራ ልትጨምርባት አልፈለገችም።

«ሰኞ ሥራ መግባት እችላለሁ ማለት ነው?» አለች መምህርቷ ወደ ሐኪሙ ዞራ።

«ትችያለሽ።»

«ሰባተኛ ክፍል ፈተና አለኝ። ለሌላ መምህር ሰጥቼው ነበር።» ተነሣች። «ሳይፈትንብኝ ልደውልለት።»

ኮሪደሩ ላይ ስልኳን አውጥታ እየደወለች ሄደች። አላመሰገነችም፤ ይቅርም አላለችም፤ ሁለቱንም ማንም አልጠበቀባትም። ድምፅዋ ግን እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር፤ ጥያቄ ቁጥር አራት ከብዷል፣ ይቀየር ትላለች።