የተረፈችው አንዲት ቦታ

የኮሌጃችን ምክትል ዲን ዋርካው ሥር፣ ጥላው በጠናበት ቦታ ቆመዋል። የእኛ አሰልጣኝ ከአጠገባቸው፣ ግማሽ ጎኑ ጥላ፣ ግማሹ ፀሐይ። የደጋው ቡድን አሰልጣኝ፣ ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ወጣት ሴት፣ ፊት ለፊታቸው ፀሐይ ላይ። የልጅ ልጄ ከቅርጫቱ ሥር፣ ኳሷን በብብቷ ይዛ። እኔ በሐይቁ በኩል ካለው ግንብ አጠገብ፣ ከነጃንጥላዬ። ወንበር የሚባል አልነበረም፤ ወንበሮቹ ሁሉ ለቁም ነገር ስብሰባ ተወስደዋል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የኮሌጆች የሴቶች ቅርጫት ኳስ በሁለት ተከፍሏል፤ የሐይቅ ዳር ምድብና የደጋ ምድብ። የየምድቡ አንደኛ ሐዋሳ ለሚደረገው የማጠቃለያ ውድድር ያልፋል። ከዚያ በኋላ አንዲት ቦታ ትተርፋለች። ሁለተኛ ከወጡት ሁለት ቡድኖች የትኛው ይውሰዳት? ደንቡ «በስምምነት» ይላል። የጻፈው ሰው ሁለት ኮሌጆች ሲስማሙ አይቶ የሚያውቅ መሆን አለበት።

የልጅ ልጄ ቡድን የእኛ ምድብ ሁለተኛ ነው። ልጅቷ ዘንድሮ ትመረቃለች፤ ለሷ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር የለም። የምትኖረው ዓባይ ማዶ ከእኔ ጋር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የግቢዬን ግንብ በኳስ ስትደበድብ ከርማለች። ጎረቤቶቼ ቤቱን የማስፈርስ መስሏቸው ነበር። «ሐይቅ ለማየት ከሆነ እዚሁም አለልሽ» ብላት፣ «እማማ፣ መጫወት ነው የምፈልገው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ግንቡ አላነሳሁባትም።

እኔን የጠራኝ አሰልጣኙ ነው። «እናቴ፣ እርስዎ ምንም አይናገሩ፤ ብቻ ይቁሙልን። ትልቅ ሰው ባለበት አይከራከሩንም፣ ያፍራሉ» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ማስፈራሪያ ሆኜ ሄድሁ።

ከስብሰባው በፊት ሐይቁ ዳር ዓሣ ተጋበዝን። በመጨረሻ ትሪው ላይ አንዲት ዓሣ ቀረች። ምክትል ዲኑ ሲያዩዋት ቆዩና ወደ እንግዳዋ ገፋ አደረጓት። «እህታችን፣ ይቺን አንቺ ብያት።» ሴትየዋ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ እሾኋን ብቻ አስቀረች። ምክትል ዲኑ ባዶውን ትሪ በትኩረት ተመለከቱት። የተማሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ትሪ ግን የተማሩት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ዋርካው ሥር ክርክሩ ተጀመረ።

«የእኛ ምድብ ከባድ ነው» አለ የእኛው። «ሁሉም ሁሉን ያሸንፋል። ደካማ የለም።»

«ሁሉም በሁሉም ይሸነፋል ማለትም ይቻላል» አለች እንግዳዋ። «ጠንካራ የለም።»

«ኧረ ባክሽ!»

«እኛ የተሸነፍነው በአንደኛው ብቻ ነው። እናንተስ?»

«ያሸነፋችኋቸው እነማን ሆኑና! ቅርጫቱን ከልብስ መስቀያ የማይለዩ ልጆች! እኛ እኮ ከሐይቁ ነፋስ ጋር ነው የምንጫወት።»

«ነፋሱ ለተጋጣሚያችሁ አይነፍስም?»

እንደገባኝ ከሆነ፣ የእኛ ጥንካሬ ማስረጃው መሸነፋችን ነው፤ የእነሱ ድክመት ማስረጃው ደግሞ ማሸነፋቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ይህን ሒሳብ ያስተማረኝ የለም።

ብቻ፣ ሴትየዋ መሐል ላይ ዞር ብላ እኔን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ለመናገር እናንተም ይገባችኋል። እናት ቆመው እየሰሙን መጨቃጨቁም ደስ አይልም።»

አሰልጣኙ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ማስፈራሪያነቴ ሠርቷል። ትንሽ ዝም ብንል ቦታዋ የእኛ ነበረች።

ምክትል ዲኑ ግን በትሕትና መበለጥን አይወዱም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «የለም፣ የለም! እንግዶቻችን ናችሁ። ቦታዋን ለእናንተ ሰጥተናል። እናንተ ሂዱ።»

ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰብረው ጠበቁ። በእኛ አገር ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ኧረ በፍጹም!» ይባላል። እሳቸው እንደገና «በሞቴ» ይላሉ፣ ሴትየዋ እንደገና እምቢ ትላለች፣ በመጨረሻ እሳቸው እያዘኑ ይቀበላሉ።

«እሺ፣ በጣም እናመሰግናለን» አለች ሴትየዋ። እጃቸውን ጨብጣ ስልኳን አወጣችና ለተጫዋቾቿ ደወለች። እልልታው ከስልኩ ውስጥ እኔ እስከቆምሁበት ተሰማ።

አሰልጣኙ ሳይታወቀው ሙሉ በሙሉ ፀሐይ ውስጥ ገብቷል። ምክትል ዲኑ ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«እናታችን… አዩ አይደል? እንግዳ ማክበሩ እንዳለ ሆኖ… እርስዎ እንደ ትልቅ ሰው አንድ ነገር ቢሉ…»

የፈለጉት ገባኝ። እኔ «ይህማ አይሆንም፣ ይመለስ» እንድል፣ እሳቸውም ስለ እኔ ክብር ሲሉ እንዲቀበሉ። የልጅ ልጄም ታየኛለች። ኳሷ አሁንም ብብቷ ውስጥ ነች።

«ቦታዋን ሲሰጡ፣ ሐዋሳ ሊሄዱ የነበሩት እርስዎ ነበሩ እንዴ?» አልኋቸው።

ምክትል ዲኑ ቀና ብለው ዋርካውን ማየት ጀመሩ። የልጅ ልጄ ጎንበስ ብላ ኳሷን መሬት ላይ አስቀመጠቻት። ጃንጥላዬን ዘረጋሁና ሄድሁ።