ዋርሳው ሳይሰማ

ቧንቧ ቢያንጠባጥብ ምን አለበት የምትል ሴት ካለች፣ ዋርሳ የላትም ማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን አላት። የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሰፈርተኛው «እጀ ወርቅ» ይለዋል። ስም አላበዙበትም፤ የማይጠግነው ነገር የለም። በር ይገጥማል፣ ጣሪያ ይደፍናል፣ የሞተ ምድጃ ነፍስ ይዘራበታል፣ ሠርቶ ሲጨርስም ሰባራ ሳንቲም አይቀበልም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡን ተቀብሎ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ማን ይጠላው ነበር?

የአክስቱ ነገር ለሁሉም ይበቃል። አንድ ቀን የሚያፈስ ጣሪያዋን ሊደፍን መሰላል ይዞ ገባ። ዝናቡ እስኪያባራ ብሎ አደረ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ብሎ ሰነበተ፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኼ ነው። መኝታ ቤቷ የመሣሪያ ማስቀመጫ ሆነ፣ ሴትዮዋ ወደ ማድ ቤቱ ጥግ ተገፋች፣ እዚያው ጥግ ላይ እንደተኛች ሞተች። ጣሪያው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላፈሰሰም። ቤቱ የኪራይ ነበርና አከራዩ እጀ ወርቅን አስወጣው። አሁን አንድ ጓደኛው ዘንድ ተጠግቶ፣ ዓይኑን የሟች ወንድሙ ቤት ላይ ጥሏል።

የሰፊዋ ቤት ሁለት ክፍልና አንዲት ማድ ቤት ነው። በፊተኛው ክፍል እሷና አማቷ ይተኛሉ፣ በኋለኛው የስፌት መኪናዋ አለች። ሁለቱም የሚበሉት ከዚያች መኪና ነው። እጀ ወርቅ ከቀብር መልስ ጀምሮ «ቤት ወንድ ይፈልጋል» ማለት ለምዷል። በዚያው ሰሞን ግቢው ውስጥ ያለውን የውሃ ቆጣሪ ሳጥን ሌባ እንዳይነካው ብሎ ጓጉንቸር ገጠመለት፣ መክፈቻውን ኪሱ ከተተ። ሰፊዋ ያን ጊዜ በኀዘን ደንዝዛ ነበር። አመስግናዋለች እኮ፣ ወይ ነዶ።

ደግነቱ አማቷ ከእሷ ጋር ነች። ሰው ለራሱ ልጅ ያዳላል ይባላል፤ አሮጊቷ ግን ወልጄዋለሁ፣ አውቀዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ጫማውን ካወለቀ አይወጣም ትላለች። ይህን ስትል አትስቅም።

የማድ ቤቱ ቧንቧ፣ ያ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ባለ ሁለት እጀታ፣ ማንጠባጠብ ሲጀምር ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ዋርሳው በየእሑዱ እናቱን ሊጠይቅ ይመጣል፣ ጆሮው ደግሞ ቀጭን ነው። ሰፊዋ የሰፊ ዘዴ አበጀች። ከቧንቧው አፍ ላይ ክር አስራ እስከ ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ወለል አወረደችው፤ ጠብታው ክሩን ተከትሎ ያለ ድምፅ ይንሸራተታል። ለጥቂት እሑዶች ሠራላቸው። እጀ ወርቅ ሻዩን ጠጥቶ፣ ግድግዳውን በዓይኑ ለክቶ ይሄዳል። በኋላ ግን ጠብታው በዛና ክሩን ጥሎ መውረድ ጀመረ።

የቧንቧ ሠራተኛ ጠራች። ሰውዬው ግቢ ገብቶ ጓጉንቸሩን አየና ማን እንደገጠመው ጠየቀ። ስትነግረው ዕቃውን መልሶ ሸከፈ፣ እሱን የመሰለ ባለሙያ ቤተሰብ እያላችሁ እኔን ምን ላድርግ ብላችሁ ነው የጠራችሁኝ አላት። እንዲህ ያለ ሰው ወሬ ይዞ አያድርም። እንግዲህ እሑድ ሳይመጣ ራሷ መጠገን ነበረባት፤ ያለዚያ ዋርሳው መፍቻውን ይዞ ይገባል፣ ከገባም አይወጣም።

ዕቃ ሻጩ ጎሚኒ፣ ያቺን ውሃ የምታግድ ትንሽ የጎማ ቀለበት፣ ሸጠላትና አሠራሩን አስረዳት። ከገንዳው ሥር ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ትዘጊያለሽ፣ እጀታውን ትፈቺያለሽ፣ ያለቀውን ጎሚኒ አውጥተሽ አዲሱን ትከቺያለሽ፣ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል አላት። የሙቁ መስመር ባሏ ከሞተ ወዲህ ደርቋል፤ የሚዘጋው የቀዝቃዛው ብቻ ነው። ልቧ ቀለል አለላት። ቅዳሜ ጠዋት ከባሏ ሣጥን ፒንሳ አወጣች፣ ቀሚሷን ሰብስባ በጀርባዋ ተንጋለለች፣ ጭንቅላቷን ከገንዳው ሥር አስገባች። አማቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መብራት ያዘችላት።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የስፌት መኪና መዘውር ምንጊዜም ወደ ራስ ነው የሚዞረው፤ ወደ ውጭ ካዞሩት ክሩ ይተበተባል፣ መርፌው ይሰበራል። ሰፊዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ክብ ነገር ስትጨብጥ ወደ ራሷ ከመሳብ በቀር ሌላ አታውቅም። መዝጊያዋንም ወደ ራሷ አዞረቻት። ያ የመክፈቻው አቅጣጫ ነው፤ መዝጊያዋ ደግሞ ድሮውኑ እስከ ጥግ ተከፍታለች። እምቢ አለች። ሰፊዋ ዝገት መሰላት። እንዳይጫር ብላ በጨርቅ ጠቀለለቻት፣ በፒንሳው አጥብቃ ያዘቻት፣ ክብደቷን ሁሉ ጣለችበት። አማቷ ተይው ልጄ፣ ይቅርብሽ ስትላት ትንሽ ነው የቀረኝ አለች። ወደ ወዲያኛው ማዞር አንዴም በሐሳቧ አልመጣም።

ቧንቧው ከግድግዳው ሥር ቋ ብሎ ተሰበረ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ውሃው ፊቷን መታት፣ ገንዳውን አልፎ ወለሉን ሞላ። የተሰበረውን አፍ በሁለት መዳፏ ደፈነች፤ በጣቶቿ መሐል እየፈነጠቀ ይወጣል። ጎርፉ ማድ ቤቱን አልፎ ወደ ኋለኛው ክፍል ተንደረደረ፤ እዚያ ደግሞ የሰው ጨርቅ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ተደርድሯል። አሮጊቷ መዶሻ ይዛ ወደ ቆጣሪው ሳጥን ወጣች፣ ባላት ጉልበት ጓጉንቸሩን ቀጠቀጠች። ምን ዋጋ አለው፣ እጀ ወርቅ የመረጠው ጓጉንቸር አይሰበርም። ተመልሳ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመች።

«እማማ፣ እሱ እንዳይጠራ» አለች ሰፊዋ ከገንዳው ሥር። «ቤቱ ይሙላ። ጨርቁም ይሂድ። እሱ ብቻ አይጠራ።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብላ አየቻት። የምራቷ ጣቶች ነጥተዋል።

«ከንፈርሽ ጠቁሯል፣ ልጄ። የምጠራው እኔ ነኝ። የወለድኩት እኔ፣ ኃጢአቱም የኔ ይሁን።»

መጣ። እንዴት እንደፈጠነ አይጠየቅ። በአንድ እጁ የመሣሪያ ሣጥን፣ በሌላው የልብስ ሻንጣ ይዟል። ጓጉንቸሩን ከፈተ፣ መዝጊያውን አዞረ፣ ውሃው ቀጥ አለ። አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «ምነው እትዬ፣ ቀድመሽ ብትነግሪኝ? ባዕድ ነኝ እንዴ?» አለ ብቻ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ የተሰበረውን ቀየረ፣ ጎሚኒውን ለወጠ፣ ወለሉን ሳይቀር ጠረገ። ያማረ ሥራ ነበር። ሰፊዋ እርጥብ ልብሷን እንደለበሰች ግድግዳ ተደግፋ ታየዋለች፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ከብርዱ ይሁን ከንዴቱ እሷም አላወቀችው።

ጎረቤቱ በመዶሻው ድምፅ ግቢውን ሞልቶ ነበር። ወንድም ማለት እንዲህ ነው፣ እሱ ባይኖር ምን ይውጣት ነበር ይባባላሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጀ ወርቅ የኋለኛውን ክፍል በር ከፈተና ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰ። እርጥበቱ ለጨርቅ አይሆንም፣ መኪናዋም ትዝጋለች፣ እስኪደርቅ እኔ እተኛበታለሁ፣ ቧንቧውንም በዚያው እጠብቀዋለሁ አለ። እምቢ ማለት ነበረባት። ግን ከጎርፍ ያወጣትን ሰው፣ ሕዝብ እያመሰገነው፣ ውጣልኝ ትበለው? ወደ አማቷ ዞረች፤ አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ሰፊዋ መኪናዋን በገዛ እጇ ገፍታ ማድ ቤት አስገባች።

ወለሉ በሳምንቱ ደረቀ። ሻንጣው ግን አልወጣም። ዋርሳው ቀጥሎ የበሩ ቁልፍ ላልቷል ብሎ በአዲስ ለወጠው፣ ለአንቺም አንድ መክፈቻ አስቀርጽልሻለሁ አላት፤ እስከ ዛሬ አላስቀረጸም። አሮጊቷ ከልጇ ጋር አትነጋገርም፣ እሱም አልከፋውም። ሰፊዋ አሁን ከገበያ ስትመለስ የገዛ ቤቷን በር አንኳኩታ ትቆማለች። አንዳንድ ቀን ቶሎ ይከፍትላታል።